ሁለት እድር የወጣላት

ቀብር ላይ ቆሜ በሟች ቀንቼ አላውቅም ነበር። በጫልቱ ቀብር ላይ ግን ቀናሁ።

መቱ ከተማ ያን ቀን እንደ ሌላው ጊዜ አልዘነበችም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጨማልቀን የሰነበተው ሰማይ ለእሷ ሲል ታግሦ ዋለ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተርፎ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሞልቷል፤ ባጃጆች ማለፊያ አጥተው ዳር ይዘው ቆመዋል። ከሁሩሙ የመጣ አለ፣ ከጎሬ በሚኒባስ የመጣ አለ፣ ከሶር ወንዝ ማዶ በእግሩ ገስግሦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ያስነካ አለ። እኔም አልቅሻለሁ፤ የውሸት እንባም አልነበረም። እያለቀስኩ ግን ዓይኔ ሰው ይቆጥራል፤ በልቤም "ይሄ ሁሉ ሕዝብ ለእኔ ይወጣል?" እላለሁ። መልሱን ስለማውቀው ይበልጥ አለቀስኩ።

ከጫልቱ ጋር የሠራነው በኢሉባቦር ወረዳዎች ምንጭ እያጎለበተ፣ የእግረኛ ድልድይ እየሠራ በሚኖር አንድ የልማት ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ የፕሮጀክት ዕቅድ ባለሙያ ነኝ። እሷ ስትቀጠር እኔ በቢሮው የከረምኩ ሰው ነበርኩ። በዕድሜም ስለምበልጣት "ጋሼ ደረጀ" እያለች፣ አንቱ እያለች ነበር የምታናግረኝ። ይኼም ያበሳጨኝ ነበር። አንተ ብትለኝ ቢያንስ እንደ እኩያ እጣላት ነበር።

መልኳን ልንገራችሁ። አጭር ናት፤ ሳቋ ግን ከራሷ ቁመት ይበልጣል፤ ከግቢው በር ስትስቅ እኔ በተዘጋ ቢሮዬ ውስጥ እሰማታለሁ። ሁልጊዜ የጎማ ቦት ታደርጋለች፤ ጭቃውን የምታራግፈው እኔ ቢሮ ደፍ ላይ ነው። እስክርቢቶ ተውሳ መልሳ አታውቅም። ምሳ አብረዋት ከተቀመጡ "እስቲ የርስዎን ልቅመስ" ትልና ቅምሻው ሳያልቅ ሥጋው ያልቃል። በስብሰባ መሐል ስልኳ ይጮኻል፤ ታነሳለች፤ ከአንዲት የገጠር እናት ጋር ስለ ፍየሏ መታመም በኦሮምኛ ታወራለች፤ እኛ የዋናው ቢሮ እንግዶች ይዘን እንጠብቃታለን። እንግዶቹ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እነሱም ስለ ፍየሏ ይጠይቃሉ። እኔም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ እናቴ ኦሮሞ ናት፤ ኦሮምኛዬ ከጫልቱ አያንስም። ለእኔ ግን ስለ ፍየሉ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም።

ድሮ በእኛ ቢሮ ዕቅድ ማለት እኔ ነበርኩ። የትኛው ሥራ ከየትኛው በፊት ይመጣል፣ ሲሚንቶው መቼ ይገባል፣ ግንበኛው መቼ ይወጣል፤ ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ በቀለም አስውቤ የማወጣው እኔ ነኝ። አንዱ ሥራ ከዘገየ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ ያን ለማስተካከል በሬን ዘግቼ ብዙ ቀን እቀመጣለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ራሳቸው አንኳኩተው ገብተው "ደረጀ፣ መቼ ያልቃል?" ይሉኛል። መነጽሬን አወልቅና "እስቲ ልየው" እላለሁ። ያቺ "እስቲ ልየው" ክብሬ ነበረች።

ከዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጣ። ዋናው ቢሮ ለሁላችንም በኮምፒውተራችንና በስልካችን አስጫነልን። ምን እንደምንሠራ ብንነግረው፣ እኔ ብዙ ቀን የምቀመጥበትን መርሐ ግብር ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ዘርግቶ ያሳየናል። አንድ ቀን ሲዘገይ የቀረውን ሁሉ ራሱ ይገፋዋል። ሪፖርት ይጽፋል፤ ቃለ ጉባኤ ያሳጥራል። ሥራ አስኪያጁ በሬን ማንኳኳት ተዉ። ለምን ያንኳኳሉ? መልሱ በኪሳቸው ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩን ናቅሁት። አንድ ቀን የቡና ለቀማ በሚጧጧፍበት ወር የገበሬውን የጉልበት ሥራ ደልድሎ ሲያመጣልኝ ደስ እያለኝ ለሁሉም አሳየሁ። "ይኸው ማሽናችሁ! በኢሉባቦር ቡና ሲለቀም አሸዋ የሚሸከም ሰው ያገኛል!" አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ጫልቱ ብቻ ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣

"ጋሼ፣ አይቆጡት። አዲስ አማች እኮ ነው" አለችኝ።

"የምን አማች?"

"አዲስ አማች ብልህ ቢሆን፣ የተማረ ቢሆን፣ የገባበትን ቤት ደንብ ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ የትኛው ወንበር የአባትየው እንደሆነ ይንገሩታ። ሳይነግሩት ቢሳሳት ጥፋቱ የባለቤቶቹ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው ሁሉ ማሽኑን "አማቹ" ይለው ጀመር። እኔ ለዓመታት ተናግሬ ተናግሬ አንድ ቃል እንኳን አልተያዘልኝም።

የእሷ አሠራር ከሁላችንም የተለየ ነበር። እኛ "ዕቅድ ሥራልኝ" ብለን እናዘዋለን። እሷ ግን "ገና ዕቅድ እንዳትሠራ። መጀመሪያ ልታውቀው የሚገባህን ጠይቀኝ" ትለዋለች። ይጠይቃታል። ጥያቄዎቹን በስልኳ ይዛ ሞተር ሳይክሏ ላይ ትወጣና ገጠር ትገባለች። እዚያም ስትደርስ ወደ ሥራው ዘላ አትገባም፤ የመጀመሪያ ንግግሯ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "በቀዬው ማን ታሟል?" ትላለች። ስለታመመው፣ ስለወለደችው፣ ስለተጣላው ሁሉ ሰምታ ካበቃች በኋላ ነው የማሽኑን ጥያቄ የምታወጣው። ማታ ተመልሳ የሰማችውን ለአማቹ ትነግረዋለች፤ ዕቅዱን የሚሠራው ያኔ ነው። ማሽኑ ያተረፈላትን ጊዜ በሙሉ በእግሯ ጨረሰችው። እኔ ያተረፈልኝን ጊዜ ሪፖርቴን ደግሜ በማሳመር አሳለፍኩት። እንዲህ ያማረ ሪፖርት በኢሉባቦር ተጽፎ አያውቅም፤ አንብቦ የጨረሰው ሰው ግን አልገጠመኝም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጃችን ጡረታ ሊወጡ ሆነ። ቦታውን እፈልገው ነበር። ለምን እደብቃለሁ? ስንት ዓመት የጠበቅሁት ወንበር ነው። ዋናው ቢሮ እኔንና ጫልቱን ጠርቶ፣ ወደ ሶር በሚገባ አንድ ወንዝ ላይ ስለታሰበው የእግረኛ ድልድይ እያንዳንዳችን ዕቅድ እንድናቀርብ አዘዘ። የተሻለውን ያቀረበ ወንበሩን ይይዛል። ወንዙ ክረምት ሲገባ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ቀበሌዎች ይቆራርጣል። ወዲህ ያሉት የአገሩ ነባር ገበሬዎች ናቸው፤ ወዲያ ያሉት ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ወንዙ ሲሞላ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መሻገር አትችልም።

አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ባለው ምግብ ቤት ጥብሴን እየበላችብኝ፣

"ጋሼ፣ አባትዎ የእድር ዳኛ ነበሩ አሉ?" አለችኝ።

"ነበሩ።"

"እስቲ ስለሱ ያጫውቱኝ።"

አጫወትኳት። ሰው ስለ አባቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ አፌን ከፈትኩ። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ገበሬው በሬውን እንደጠመደ ትቶ እንደሚሄድ፣ ማንም ቢሆን ሥራ ይዞኛል ማለት እንደማይችል ነገርኳት። ከሰው ቀብር የቀረ ሰው ለራሱ ቀብርም ሰው እንዳይጠብቅ አባቴ ደጋግመው ይናገሩ እንደነበር ጨምሬ ነገርኳት። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ሰማችኝ። ከዚያ "ገለቶማ፣ ጋሼ" ብላ አመስግና የቀረውን ጥብስ ጨረሰች።

ዕቅዳችንን ያቀረብንበትን ቀን መቼም አልረሳውም። እኔ ቀደምኩ። ማሽኑን በደንብ አሠርቼው ነበር፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ቀለሙ ያምራል። "ሥራውን ሊያደናቅፉ የሚችሉ ነገሮች" በሚለው ሥር የሲሚንቶ እጥረት፣ የነዳጅ መጥፋት፣ የዝናብ ቀድሞ መግባት በሙሉ ተዘርዝሯል። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ።

ጫልቱ ተነሣች። የእሷ ሥዕል እንኳን በቅጡ አልታየም፤ ፕሮጀክተሩ ያስቸግራታል።

"የድልድዩ ሁለቱ የዳር ምሰሶዎች ኮንክሪታቸው በአንድ ቀን ሳይቋረጥ መሞላት አለበት" አለች። "ከተቋረጠ አሮጌውና አዲሱ አይያያዝም፤ ይሰነጠቃል። የሚሞላው ደግሞ በሕዝቡ ጉልበት ነው፤ ጠጠርና አሸዋ በቅብብል። እንግዲህ በሙሌቱ መሐል ሰው ቢሞትስ?"

መልሱን ራሷው ሰጠች።

"ጥሩምባ ይነፋል፤ ሰዉ ይሄዳል። መሄድም አለበት። ስለዚህ ሥራውን በቀበሌ ሳይሆን በእድር ከፍዬዋለሁ። ወዲህ ማዶ አንድ እድር ነው፤ ወዲያ ማዶ ሌላ እድር ነው። በሙሌት ቀን አንደኛው ይሠራል፤ ሌላኛው ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። ሐዘን ወደ አንዱ ከመጣ ሌላው ተሻግሮ ይተካዋል። ከሁለቱም የእድር ዳኞች ጋር ተስማምተናል። ማሽኑ 'ሰው ሥራውን በድንገት የሚተወው በምን ምክንያት ነው?' ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ መልሱን ያገኘሁት ግን ከጋሼ ደረጀ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ፈገግ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ፈገግ ያልኩት። ሰርቃኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ናት ብዬ እጠላት ነበር። በሰው ፊት አመስግናኝ የምጠላበትን ምክንያት እንኳን ወሰደችብኝ። አባቴ እድር ላይ ሲፈርዱ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ያደግሁት እኔ ነኝ። ማሽኑም እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሁለቱን ማገናኘት ግን እንዴት እሷ ብቻ አሰበችው? ወንበሩ የእሷ ሆነ።

የመጀመሪያው ምሰሶ የሚሞላ ዕለት እኔም ወንዙ ዳር ነበርኩ። ወዲህ ማዶ ያሉት፣ በዳኛቸው በኦቦ ነጋሳ እየተመሩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠጠር ይቀባበላሉ። ሥራው ሲጋመስ ከኮረብታው ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ሰዉ ባልዲውን አስቀመጠ። ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ነጠላውን እየለበሰ ዳገቱን ወጣ። እኔ ተበላሸባት ብዬ ደስ አለኝ፤ እንደሱ ዓይነት ሰው ነኝ። ጫልቱ ወንዙ ውስጥ ገብታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። ወዲያ ማዶ ያሉት ጋሽ ሰይድ የተባሉት ዳኛ ሰዋቸውን ይዘው፣ በጎደለው ውኃ እየተራመዱ፣ "ያላህ! ያላህ! ይዘነዋል!" እያሉ መጡ። ባልዲው ሳይቀዘቅዝ አነሡት። ሙሌቱ አልተቋረጠም። ጫልቱ ቦቷ ውኃ ሞልቶበት፣ እኔን አይታ፣ "ጋሼ፣ አባትዎ ቢያዩ ደስ አይላቸውም ነበር?" አለችኝ። አባቴ ደስ ይላቸው ነበር። እኔ ግን ወደ መኪናው ሄድኩ።

ሁለተኛው ምሰሶ ሳይሞላ ጫልቱ ታመመች። ድካም ነው አሉ፤ ኋላ ጉበት ነው አሉ። ጅማ ሆስፒታል ተላከች። ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳን ይዛ ነበር፤ ከኦቦ ነጋሳ ጋር ስለ ሁለተኛው ሙሌት ታወራለች። ስልኩን ዘግታ፣

"ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ጋሼ። ያቺን ቀን እንዳታሳልፏት" አለችኝ።

"አንቺ ዳኚ እንጂ እሱ ይደርሳል።"

"እኔ እንደሆንኩ ብድንም ባልድንም ሥራው አይቆምም፤ ሁለት እድር አለን" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

አልዳነችም። ቀብሯ ደግሞ ከሁለተኛው ሙሌት ቀን ጋር ገጠመ። ወንበሩን በጊዜያዊነት የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ የተመኘሁት ነገር እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ሙሌት የሚባል ነገር የሚደረግበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው፤ ከሳምንት በኋላ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ወዲህ ማዶ ያሉት ቀብር ይሂዱ፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ይሥሩ ብዬ ወሰንኩ። ዕቅዱ ራሱ እንደዚያ ይላል፤ የራሷ ዕቅድ። ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ኦቦ ነጋሳ ቀብር ስለሚሄዱ ዛሬ ተረኞቹ እናንተ ናችሁ።"

"ምን አልክ? ጫልቱ ልትቀበር እኛ ጠጠር ልንሸከም?"

"ዕቅዱ…"

"ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ነን። ሴቱም ወጥቷል" አሉና ዘጉት።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። "ሁለቱም እድሮች ሐዘን ላይ ናቸው፤ ማን ይሥራ?" ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ እሷ እንዳስለመደችው ከመመለሱ በፊት ጠየቀኝ፤ "ሟቿ የየትኛው እድር አባል ነበረች?" ይላል።

ጫልቱ የመቱ ልጅ ናት፤ የየትኛውም አባል አልነበረችም። "የሁለቱም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም ኮምፒውተሩን ዘግቼ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ቀብሯ ሄድኩ፤ የሁለቱም እድር ጥሩምባ ነፊዎች ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። የቀናሁት ያኔ ነው።

በማግሥቱ ለማንም ሳልደውል ሁለቱም እድር ወንዙ ዳር ተገኘ። ወዲህና ወዲያ ሳይባባሉ፣ አንድ ላይ ሆነው ምሰሶውን ሞሉት። ገና ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጨረሱት። በእኔ ስሌት እስከ ምሽት የሚዘልቅ ሥራ ነበር። ዝናቡ ከዚያ በኋላ መጣ።

ድልድዩ አልቆ ሰው ሲመላለስበት፣ ወንበሩም በቋሚነት የእኔ ሲሆን፣ አንድ ቀን ወደዚያው ወርጄ ነበር። ኦቦ ነጋሳ ድልድዩ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሥራ አየሁ፣ ለካሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። ልሄድ ስል ግን አንድ ነገር አላስችል አለኝ። እንደ ቀልድ አድርጌ፣

"ኦቦ ነጋሳ፣ እኔ የሞትኩ ቀንስ ሥራ ይቆማል?" አልኳቸው።

"ኧረ ዕድሜ ይስጥዎ!" አሉ ደንግጠው። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ "እርስዎ በዚህ አይስጉ። እንደ ዕቅዱ ነው የምናደርገው። አንዱ እድር ይመጣል፣ አንዱ ይሠራል። ሥራዎን አናበላሽብዎትም" አሉኝ።

ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ያስደሰቱኝ መስሏቸው ነው። "ገለቶማ" አልኩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። ጥቂት እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ።

"አጥፋው" አልኩት።

ተመልሼ ከኦቦ ነጋሳ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወንዙን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ፣

"በቀዬው ማን ታሟል?" አልኳቸው።

ኦቦ ነጋሳ ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ውኃ ሞላ።

"ይቺማ የጫልቱ ጥያቄ ናት" አሉኝ።